የያሪስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ራሴ ልቀይር አስቤያለሁ፣ የሞከራችሁ ምከሩኝ

ያሪስ_ገርጂ፦
ሰላም ቤቶች። መኪናዬ ያሪስ ሴዳን ናት፣ 2008 ሞዴል፣ 1.3 ሞተር፣ ከዱባይ የገባች፣ አውቶማቲክ ባለ 4 ማርሽ። ኪሎሜትሯ 170 ሺህ ምናምን ይላል፣ እውነት ይሁን አይሁን ፈጣሪ ነው ሚያቀው። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ ጠዋት አስነስቼ ከፒ ወደ ዲ ሳስገባት ድም ትላለች፣ ሰው ከኋላ የገጨኝ ነው ሚመስለው። ሁለተኛ ረጅም ዳገት ከወጣሁ በኋላ ለምሳሌ ሽሮ ሜዳን አልፌ ወደ እንጦጦ ስወጣ ከ2 ወደ 3 ልትቀይር ስትል ሞተሩ ባዶውን ይጮህና ትንሽ ቆይታ ነው ምትይዘው፣ ቀዝቀዝ ስትል ግን ሰላም ናት።

ጋራዥ ዞርኩ፣ አንዱ በማሽን ፍላሽ ይደረግ (አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተገፍቶ ይውጣ) አለኝ፣ አንዱ እንዳትነካው ያረጀ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል አለኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ገና ሳይነዳት ይውረድና ይፈታ አለ። ዋጋውን ልንገራችሁ ብል ታለቅሳላችሁ። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ ራሴ ነኝ ምቀይረው፣ እጄ ይፈታል ለማለት ያህል ነው። ይሄንንስ ራሴ ብሞክር ምን ይመስላችኋል? ከየት ልጀምር?

ቦሌ_ቡልቡላ፦
ኤሌክትሪክ ግዛ ተገላገል ካምቢዮ ሚባል ነገር የለም 😂

ያሪስ_ገርጂ፦
አንተ ብሩን ላክልኝ እኔ ነገ እገዛለሁ 😂 በነዳጅ ምትሰራ የቤት መኪና እንዳትገባ ከተባለ ከ2016 (በኛ አቆጣጠር) ወዲህ ያለችኝን ጠብቄ ከመያዝ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ

ዘይት_ይናገራል፦
ወንድሜ ከመፍታትህም ከመግዛትህም በፊት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተህ እየው። ያንተ ያሪስ ዲፕስቲክ አላት፣ ዕድለኛ ነህ፣ አዳዲሶቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ግን አለካኩ እንደ ሞተር ዘይት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሚሳሳተው። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ነው ሚታየው፣ የቶዮታ ካምቢዮ ዘይት ግን ሞተሩ እየሰራ ነው። ሜዳ ቦታ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ እግርህን ፍሬን ላይ አድርገህ ማርሹን ከፒ ጀምረህ እስከ ኤል በየቦታው ትንሽ ትንሽ እያቆየህ አውርደው ከዛ መልሰው ፒ ላይ አድርግ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ዘንጉን አውጣ፣ ጥርግ አድርግ፣ መልሰህ አስገባ፣ አውጣ። ዘንጉ ላይ ሁለት ቦታ ምልክት አለ፣ የቀዝቃዛና የትኩስ። ትኩስ ሚባለው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው፣ ማለትም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተማ ውስጥ ከነዳህ በኋላ። ሰፈር ዞር ብሎ መጥቶ ሞቋል ማለት አይሰራም፣ የካምቢዮ ዘይት ከሞተሩ ዘግይቶ ነው ሚሞቀው።

ቀለሙንም በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርገህ እይ። ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ የውስጥ ዲስኮቹ እየተበሉ ነው። እንደ እንጆሪ ወተት ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ ግን መኪናዋን አታስነሳት፣ ውሃ ገብቷል፣ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ እሱ ሲቀደድ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

አሮጌው_መካኒክ፦
ልጄ ሁለቱን ችግር አንድ ላይ አትደባልቃቸው። ጠዋት ድም ማለቷ ከካምቢዮ ላይሆን ይችላል። ሞተር ብርድ ላይ ሲነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው) ከፍ ይላል፣ 1200 ምናምን ላይ ሆኖ ዲ ካስገባህ ደህናውም መኪና ይመታል። ጥቂት ጠብቀህ ወደ 700 እና 800 ሲወርድ አስገባና እይ። ያኔም ከመታ የሞተሩን ሱፖርት ጎማዎች (ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዙትን) ተመልከት፣ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከጎን ሆኖ ይይልህ (ፊት ለፊት እንዳይቆም)፣ አንተ ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ከዲ ወደ አር ከአር ወደ ዲ ስታደርግ ሞተሩ ዝላይ ከዘለለ ጎማው ተበጥሷል ማለት ነው። ሚኒሞው አልወርድ ካለ ደግሞ ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) በአቧራ ተጨማልቆ ይሆናል። በኔ ጊዜ ስንት ካምቢዮ በጎማ ምክንያት እንደወረደ ብነግርህ አታምነኝም።

ያሪስ_ገርጂ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ማንም አልነገረኝም። እርስዎ ግን ያረጀ ዘይት ከተቀየረ ይሞታል ሚለውን እንዴት ያዩታል?

አሮጌው_መካኒክ፦
ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፣ አይተን ነው የምንለው። ሰውየው ካምቢዮው እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ዘይቱ ሬንጅ ይመስላል፣ ትቀይርለታለህ፣ ከሳምንት በኋላ ተጎትታ ትመጣና አንተ ገደልክብኝ ይልሃል። ስለዚህ መካኒኩ ራሱን ሊያድን አትንካው ይላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ።

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦
ጋሽ መካኒክ ያሉት ትክክል ነው ግን ምክንያቱ ይብራራ። ዲስኮቹ ሲበሉ ዱቄታቸው ዘይቱ ውስጥ ነው ሚቀረው፣ ያ ዱቄት ያለበት ዘይት ለተበላው ዲስክ ትንሽ መያዣ ይሆነዋል፣ ንጹህ ዘይት ሲገባ ያ መያዣ ይጠፋል። ማለትም ካምቢዮው ቀድሞም በሞት አፋፍ ላይ ነበረ፣ አዲሱ ዘይት የገደለው አይደለም። የሱ ያሪስ ግን ቀዝቃዛ ስትሆን ሰላም ናት ብሏል፣ ሲሞቅ ብቻ ነው ምታስቸግረው፣ ስለዚህ ገና አልሞተችም ባይ ነኝ።

እኔ አሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ምኖረው፣ ኮሮላዬን ቤቴ ደጅ ነው ምሰራት። ፍላሽ ሚባለውን አልመክርም። እንደኔ እንደኔ ጥሩው ዘዴ አፍስሶ መሙላት ነው፣ እዚህ ያለነው ሁላችን ምናደርገው እሱን ነው። ከታች ያለውን ቡሎን ፈትተህ የወረደውን ያህል ትሞላለህ፣ በቃ። ሙሉው ካምቢዮ ከ6 ሊትር በላይ ይይዛል ግን ስትፈታው ሚወርደው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው) መስመሮቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዴ ስትቀይር ግማሽ የሚጠጋው ነው አዲስ ሚሆነው፣ ትንሽ ነድተህ ስትደግመው ወደ 70 ከመቶ አለፍ ይላል፣ ስትሰልስ 85 አካባቢ ይደርሳል። መቶ ከመቶ መቼም አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ቀስ እያለ ስለሚለወጥ ያረጀ ካምቢዮም አይደነግጥም፣ ሁለተኛው ላይ ዘይቱ እንዴት እንደወጣ አይተህ ልቀጥል ወይ ላቁም ማለት ትችላለህ።

ፈጣን_ላቫጆ፦
ኧረ ባካችሁ ፍላሽን አታጣጥሉ፣ እኛ ጋ ማሽኑ አለ፣ ያስገባል ያወጣል በአንድ ሰዓት ጥርት ያለ ቀይ ዘይት ነው ምታየው፣ ሶስቴ እየፈቱ እየቆለፉ ከመዋል አይሻልም? ሰው ስራ የለውም እንዴ

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦
ወንድሜ ማሽኑን አልጠላሁም፣ የኔ ጥያቄ ማሽኑ ውስጥ ያለው ዘይት ምንድነው ነው። የሁሉንም መኪና በአንድ በርሜል ዘይት ምትሰሩ ከሆነ ችግሩ እዛ ነው። ደሞ 10 ሊትር አዲስ ዘይት ሚጠይቅ ስራ ላይ ስንት ባለ ጋራዥ 10 ሊትር ትክክለኛውን ይገዛል

ፈጣን_ላቫጆ፦
እሱስ ልክ ነህ እኛ ደንበኛው የፈለገውን ይዞ ይመጣል ነው ምንለው

ያሪስ_ገርጂ፦
እሺ ዘንጉን አየሁ። ጠዋት ቀዝቃዛ ላይ ሞተር እየሰራ ለካሁ፣ ዘይቱ ከቀዝቃዛው ምልክት በላይ ብቻ አይደለም የትኩሱንም ምልክት አልፏል!! ማታ ከስራ ስመለስ ሞቆ ሳየው ደግሞ በጣም በላይ ነው፣ ዘንጉ ላይ ጥቃቅን አረፋም አለው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የተቃጠለ አይሸትም። ከገዛኋት ወዲህ ካምቢዮውን ማንም ነክቶት አያቅም ስለዚህ የድሮው ባለቤት ጊዜ ነው የተሞላው። ዘንጉ ላይ ዘይቱ ደብልዩ ኤስ (WS፣ የቶዮታ የካምቢዮ ዘይት ዓይነት) ነው ሚል ተጽፏል።

ዘይት_ይናገራል፦
ይሄው! መልሱን አገኘኸው እኮ። የሆነ ሰው በቀዝቃዛው ለክቶ እስከ ትኩሱ ምልክት ሞልቶታል፣ ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሲነዳ ደግሞ ከልክ በላይ ከፍ ይላል። ዘይቱ ሲበዛ ምን ይሆናል፣ ውስጥ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን ይመቱታል፣ አየር ይገባበታል፣ አረፋ ይሆናል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ዲስኮቹን ሚጨብጠው በዘይት ግፊት ነው፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ሞቆ አረፋ ሲሆን 3ኛው ማርሽ ግፊት አጥቶ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ስትቀዘቅዝ ሰላም የሆነችው። ካምቢዮ አውርዱት ያለህ ሰው ዘንጉን እንኳን አላወጣም ማለት ነው።

አሮጌው_መካኒክ፦
ጎሽ። ዘይት ያነሰም የበዛም ምልክቱ አንድ አይነት ነው፣ ሁለቱም አየር ያስገባል። ለዛ ነው መገመት የማይሆነው።

ያሪስ_ገርጂ፦
እንዴት ደስ እንዳለኝ። አሁን ዘይት ልገዛ ነው፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ጠየኩ፣ አንዱ ደብልዩ ኤስ የለም ቲ ፎር ውሰድ አንድ ነው አለኝ፣ አንዱ ዴክስሮን ለሁሉም ይሆናል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ያለ ልክ ርካሽ ደብልዩ ኤስ አለኝ አለ። ማንን ልመን?

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦
አንድ አይደሉም። ደብልዩ ኤስ ከቲ ፎር የቀጠነ ነው፣ ቲ ፎር ለቀደሙት ነው ሚሆነው፣ የ1990ዎቹ መጨረሻና የ2000ዎቹ መጀመሪያ ቶዮታዎች ቲ ፎር ይላሉ፣ ከ2005 እና 2006 ወዲህ ያሉት ደግሞ አብዛኛዎቹ ደብልዩ ኤስ። የካምቢዮው ባልቦላዎችና ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ ዘይቱን የሚከፍቱና የሚዘጉት) የተሰሩት በዛ ቅጥነት ታስቦ ነው። ዘንጉ የሚልህን አክብር። የቶዮታውን ካጣህ ደብልዩ ኤስን ይተካል ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ይበቃል፣ አይሲን ራሱ ካምቢዮውን ከሚሰሩት ስለሆነ የነሱ ዘይት ጥሩ ነው፣ ኢደሚትሱም ቲኤልኤስ ኤልቪ ሚባል አለው ልኩ ነው፣ ቫልቮሊን ማክስላይፍን ደግሞ እዚህ ብዙ ሰው ይጠቀመዋል፣ እኔም አንዴ ተጠቅሜበታለሁ ችግር አላየሁም። ዘመድ የሚመጣልህ ከሆነ በሻንጣ አስመጣ ልል ነበር ግን ዘይት በአየር መንገድ አያስገቡህ ይሆናል ቀድመህ ጠይቅ

ሜርካቶ_ልጅ፦
ርካሹን አትንካው። ቆርቆሮው ኦሪጅናል ዘይቱ የሌላ የሆነ ብዙ አለ እዛ ሰፈር፣ እኔ እዛው ነው ያደግኩት። አፉ ላይ ያለው የብረት ማሸጊያ ተነስቶ የተመለሰ መሆኑን እይ፣ ጽሁፉ የደበዘዘ ከሆነ ተው፣ ስትገዛ ደሞ ደረሰኝ ጠይቅ፣ ደረሰኝ ስትል ዋጋ ካስወደዱብህ ያው ዘይቱ ትክክል ላይሆን ይችላል ማለት ነው 😄 አንድ ጠብታ በሶፍት አድርገህ እሱ ቀይ ከሆነ ትክክል ነው እንዳትል፣ ቀለም ማቅለም ቀላሉ ነው

ዘይት_ይናገራል፦
አሰራሩን ልንገርህ፣ በኋላ ተመለስና አንብበው።

መጀመሪያ መሙያውን አረጋግጥ። የዘንጉ ቱቦ ውስጥ ነው ሚሞላው፣ ቀጭን ረጅም ቱቦ የተሰካበት ፈነል ያስፈልግሃል፣ ቱቦው መግባቱን ሳታይ ከታች አትፍታ፣ አፍስሶ መሙያ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ከዛ መኪናዋን አንሳት። እዚህ ላይ እጅግ እለምንሃለሁ ክሪክ ላይ ብቻ ቆማ ከስር እንዳትገባ፣ ብሎኬት ደግሞ ጭራሽ እንዳታስበው፣ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው ሳያስጠነቅቅ ነው ሚፈርሰው። ስታንድ ከሌለህ ላቫጆ ሄደህ የጉድጓዱን ቦታ ለአንድ ሰዓት ተከራይ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ ትንሽ ጉርሻ ሰጥተህ። ጉድጓዱ ላይ መኪናዋ ሜዳ ስለምትሆን ለመለካትም ይመቻል።

ዘይቱ ትኩስ ሳይሆን ለብ ሲል ፍታው፣ ሞቆ ከሆነ ያቃጥልሃል። ከስር ስትገባ ሁለት የዘይት ቡሎን ታያለህ፣ አንዱ የሞተሩ ነው ውጪ ያለው ጭንቅላት 14 ቁልፍ ይይዘዋል፣ ሌላው የካምቢዮው ነው በአለን ቁልፍ ሚፈታ፣ የኔ 10 ነው። ሰው በስህተት የካምቢዮውን አፍስሶ ሞተሩ ላይ ዘይት ጨምሮበት ሞተር ያጨሰበትም ካምቢዮ ባዶውን የነዳም አለ፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይተህ እይ፣ የወጣውን ቀለም እይ፣ ቀይ ወይ ቡናማ ቀጭን ዘይት ነው ሚወጣው።

ሚወርደውን በሊትር ምልክት ባለው ጀሪካን ወይ በባዶ የውሃ ሃይላንድ ለካው። ይሄ ነው ዋናው። ሳትለካ አትጣል። ያንተ መኪና የበዛ ስለሆነ ከ3 ሊትር በላይ ሊወርድ ይችላል፣ አንተ ግን 3 ሊትር ሳይሞላ ትንሽ ቀነስ አድርገህ ጀምር፣ የጎደለ መጨመር ቀላል ነው የበዛ መቀነስ ነው ችግሩ። ቡሎኑን አዲስ ሮንዴላ አድርገህ መልሰው፣ ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብለህ በጉልበት አትቆልፈው፣ ጥርሱ ይበላል። ከዛ አስነሳ፣ ማርሹን በየቦታው አስኪድ፣ በቀዝቃዛው ምልክት ላይ መሆኑን እይ፣ ንዳ፣ ሲሞቅ በትኩሱ ላይ መሆኑን እይ። ትኩሱ መሃል ላይ ከሆነ አትንካው ከዚህ በኋላ።

ሰላም_ቪትዝ፦
ፓኑንስ ፈትቶ ማጣሪያውን ማጠብ አያስፈልግም? አንድ ቪዲዮ ላይ ማግኔቶቹን ሲያጥብ አይቼ ነበር

ዘይት_ይናገራል፦
እህቴ ጥሩ ነው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰራ ሰው አልመክርም። ፓኑ ዙሪያውን በትናንሽ ቡሎን ነው የታሰረው፣ ሚጠብቁበት ጉልበት ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ነው፣ ማለት በጣት ሃይል ትንሽ ከፍ ያለ ነገር። በክንድ ጉልበት ከጠበቁ ይበጠሳሉ፣ ካልጠበቁ ያንጠባጥባሉ። ጓርኒሲዮኑም አዲስ መሆን አለበት። ዘይቱ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ክፈተው እል ነበር፣ ምክንያቱም ማግኔቱ ላይ ያለው ይናገራል። ግራጫ እንደ ጭቃ ያለ ቅባት የተለመደ ነው ከመበላት የሚመጣ፣ የብረት ስንጥር ወይ የወርቅ ቀለም ፍንጥርጣሪ ካየህ ግን ውስጥ ያለ ነገር ተሰብሯል። ማጣሪያው ዘይቱ የሚያልፍበት ወንፊት ነው፣ እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ በየጊዜው ሚቀየር አይደለም።

ያሪስ_ገርጂ፦
ተሰራ!! ላቫጆ ጉድጓድ ላይ፣ ጠባቂው ቆሞ አየኝ መጨረሻ ላይ እሱም ትከሻውን አስደግፎ ፈነሉን ያዘልኝ። ለካሁ፣ 3.7 ሊትር ወረደ። 3 ሊትር ሳይሞላ መለስኩ፣ ነድቼ ሞቆ ሲታይ ከትኩሱ ምልክት ታች ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሽ ጨምሬ መሃሉ ላይ አደረግኩት። እንጦጦ ወጣሁ። ከ2 ወደ 3 ዝም ብላ ነው ያለፈችው፣ ቆሜ ዘንጉን አየሁት አረፋ የለም። ካምቢዮ ማውረድ ቀርቷል ማለት ነው።

ጠዋት ድም ማለቷ ግን አልቀረም። ጋሼ ያሉትን አደረግኩ፣ የሰፈር ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አየልኝ፣ ከዲ ወደ አር ሳደርግ ሞተሩ ተነስቶ ተቀመጠ አለኝ። የፊቱ ሱፖርት ጎማ ስንጥቅጥቅ ብሏል ከመሃል ተላቋል።

አሮጌው_መካኒክ፦
አየህ። የሱፖርቱን ጎማ ስትገዛ አዲስ እንኳን ባይሆን ከተፈታ መኪና ጥሩውን ለይተህ ግዛ፣ ጎማው የደረቀ እንዳይሆን በጣትህ ተጫነው። ስትቀይር ሞተሩን ከስር በክሪክ በጣውላ ደግፈህ ነው እንጂ እንዲሁ እንዳትፈታው፣ ጣውላ የሌለበት ክሪክ የዘይቱን ፓን ይቀድብሃል። ዘይቱን ደግሞ ትንሽ ነድተህ አንዴ ድገመው፣ ቡናማ ነው ስላልክ።

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ 👏 ኮድ ካለም አስነብበው፣ ስልክ ላይ ሚሰራ ርካሽ የኦቢዲ መሳሪያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር ሚያነብ) አለ፣ ፒ0741 ሚል ካመጣ የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ችግር ነው፣ ፒ0750 እና ከዛ በላይ ያሉት የሶሌኖይድ ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት ካልበራ ግን ዝም ብለህ ንዳት

ያሪስ_ገርጂ፦
ኮድ የለም። አንድ ጥያቄ፣ ከእንጦጦ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ኒውትራል አድርጌ ነው ምወርደው ሁሌም፣ ችግር አለው? ሁሉም ሰው ያደርገዋል

ዘይት_ይናገራል፦
ኧረ ተው ተው። ሁለት ነገር። አንደኛ ነዳጅ አይቆጥብም፣ በኢንጄክሽን መኪና ዲ ላይ ሆነህ ነዳጅ ፔዳል ስትለቅ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል ጎማው ነው ሞተሩን ሚያዞረው፣ ኒውትራል ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። ስለዚህ ኒውትራል ላይ ነው ምትከፍለው። ሁለተኛ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል ይሞቃል ይሸታል መጨረሻ ላይ አይዝም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ወደ 2 አውርደው፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። አባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው ያውቀዋል የፍሬን ሽታ ምን እንደሚመስል። ደሞ ኒውትራል አድርገህ እየሮጥክ ዲ ስትመልሰው ዲስኮቹ ላይ ነው ጉዳቱ።

አዲስ_ዲዛየር፦
እኔ ዲዛየር አለኝ አውቶማቲክ ነው፣ ራይድ ነው ምሰራበት፣ ይሄን ዘይት ለኔም እንዴት ላድርግ

ዘይት_ይናገራል፦
ያንተ ኤጂኤስ ከሆነ አውቶማቲክ ቢባልም ውስጡ ማንዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮንም አለው፣ ሮቦት ነው ሚጨብጠውና ማርሹን ሚቀይረው። ቶርክ ኮንቨርተር የለውም። ስለዚህ አውቶማቲክ ዘይት ሳይሆን የማንዋል ማርሽ ዘይት ነው ሚወስደው፣ ማኑዋልህ ላይ 75 ደብልዩ 80 ሚለውን እይ። ሮቦቱ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው እሱን አትቀላቅል። ዳገት ላይ በትራፊክ ቆመህ በነዳጅ ይዘህ አታቁማት፣ በፍሬን ያዝ፣ አለበለዚያ ፍሪሲዮን ነው ምትጠብሰው።

ሰላም_ቪትዝ፦
እኔ ደግሞ ቪትዝ፣ ከጃፓን የመጣች መሪዋ የዞረች፣ 2006 ሞዴል፣ አንዱ ሲቪቲ ነው አለኝ አንዱ አይደለም፣ ዝም ብዬ ቀይ ዘይት ልጨምር ወይ

ኮሮላ_ቨርጂኒያ፦
አይ እህቴ አትጨምሪ! ሲቪቲ ውስጥ ማርሽ የለም፣ በሁለት ፑሊ መሃል የብረት ቺንጋ ነው ሚሽከረከረው፣ ዘይቱ ያን ቺንጋ እንዳይንሸራተት ነው የተሰራው፣ የአውቶማቲኩን ከጨመርሽበት ቺንጋው ይበላል። በቀላሉ ምታውቂበት፣ ኮፈን ስር ወይ በር ላይ የተለጠፈ የቶዮታ ሳህን አለ፣ ትራንስ አክስል ሚል ቦታ ላይ የተጻፈውን ኮድ እይ፣ በዩ ከጀመረ መደበኛ አውቶማቲክ፣ በኬ ከጀመረ ሲቪቲ፣ በሲ ከጀመረ ማንዋል። ሲቪቲ ከሆነ ዘይቱ ሲቪቲ ቲሲ ወይ ኤፍ ኢ ነው ሚባለው፣ የቱ እንደሆነ ማኑዋሉ ላይ ይኖራል

ሰላም_ቪትዝ፦
አየሁት፣ በኬ ነው ሚጀምረው። ጭራሽ ልጨምር ነበርኮ ይሄን ሳላነብ

ባለ_ፊት፦
የሆንዳ ፊትም ለየት ይላል ልጨምር፣ ሆንዳ ላይ ዘይት ምትለካው ሞተሩን ካጠፋህ በኋላ ነው፣ ደቂቃ ከምናምን ሳይሞላ፣ እየሰራ እያለ ከለካህ ያነሰ ይመስልህና ትጨምራለህ ይበዛብሃል። ዘይቱም መደበኛ አውቶማቲክ ከሆነ ዲደብልዩ ዋን ነው፣ ሲቪቲ ከሆነ ግን የራሱ የሆንዳ ሲቪቲ ዘይት ነው፣ የድሮውም ዜድ ዋን ሚለው በሱ ተተክቷል

ያሪስ_ገርጂ፦
የወረደውን ዘይት የት ልጣል? ጀሪካን ሙሉ አስቀምጫለሁ

ሜርካቶ_ልጅ፦
ቱቦ ውስጥ እንዳትደፋው። አጥርህ እንጨት ከሆነ ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡ አሉ፣ ካልሆነ ጋራዥ ስጣቸው፣ የተቃጠለ ዘይት ሚሰበስቡ ሰዎች ይመጣሉ እነሱ ጋ። ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ውሃ ጋር ብቻ አትቀላቅለው

ያሪስ_ገርጂ፦
እሺ። የሱፖርቱን ጎማ ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው ያገኘሁት፣ ቅዳሜ ልቀይር ነው፣ ጣውላውን ከጎረቤት ይዣለሁ። በዛው ዘይቱን ሁለተኛ ላፍስሰው፣ የሚወርደውን ቀለም ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ

አሮጌው_መካኒክ፦
የላይኛውን ሱፖርት ሳትፈታ የፊቱን ብቻ ፍታ፣ ሁለቱን ባንዴ ከፈታህ ሞተሩ ይዞርብሃል ቡሎኑ ቀዳዳውን አያገኝም። ባትሪውንም ንቀል።